«በዚህ ርዕስ የተሠራ ጥናት የለም» ከማለታችን በፊት፦ የጤና ሳይንስ ቤተ መጻሕፍትና የድኅረ ምረቃ ተማሪው

በጤና ሳይንስ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ክፍሎች የሚቀርቡ ብዙ የጥናት ፕሮፖዛሎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመሳሰላሉ። ዓረፍተ ነገሩ የሚገኘው በመግቢያው ማብቂያ፣ የጥናቱ ዓላማ ከመዘርዘሩ በፊት ነው፤ «አጥኚው እስከሚያውቀው ድረስ በዚህ ርዕስ በአካባቢው የተሠራ ጥናት የለም» ይላል። አማካሪ ያልፈዋል፤ ገምጋሚ ያልፈዋል፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴም ያልፈዋል። የጥናቱ አስፈላጊነት የቆመው በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ሆኖ ሳለ፣ ማስረጃው ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም።

እኔም ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ጽፌአለሁ። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ በአንድ ሪፈራል ሆስፒታል ክትትል ያላቸው የስኳር ሕሙማን መድኃኒታቸውን በታዘዘላቸው መሠረት ስለ መውሰዳቸው ነበር። ለፕሮፖዛሉ ያደረግሁት ፍለጋ ሁለት ምሽት የወሰደ ሲሆን፣ ጎግል ስኮላርንና ፐብሜድን በጥቂት ቃላት ከመጠየቅ አላለፈም። ፈቃድ አገኘሁ፤ መረጃ መሰብሰብም ጀመርኩ። ከተጠያቂዎቼ መካከል አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ። ምግብ ሳይቀምሱ ለደም ምርመራ ወረፋ ይዘው፣ መጠይቁን አጋምሰን ሳለ «ልጄ፣ ይኼንን እኮ ያን ጊዜም ጠይቃችሁኝ ነበር» አሉኝ። የሐኪማቸውን ጥያቄ ከእኔ መጠይቅ ጋር ያምታቱ ስለ መሰለኝ በአክብሮት አልፌው ቀጠልኩ። ከወራት በኋላ የመመረቂያ ጽሑፎችን አቀራረብ ለማየት ወደ ዩኒቨርሲቲያችን የጤና ሳይንስ ቤተ መጻሕፍት ስገባ፣ ከስድስት ዓመት በፊት የቀረበ አንድ ጽሑፍ ከመደርደሪያው ላይ አገኘሁ። ሆስፒታሉ ያው ነበር፤ ጥያቄው ያው ነበር፤ መጠይቁም ከጥቂት መስመሮች በቀር ያው ነበር። የተሳሳትሁት እኔ እንጂ እናቲቱ አልነበሩም።

ያ የመመረቂያ ጽሑፍ በጆርናል አልታተመም፤ በዩኒቨርሲቲው ዲጂታል ማከማቻም አልተጫነም። ይሁን እንጂ በቤተ መጻሕፍቱ ማውጫ ላይ ተመዝግቦ ይገኝ ነበር፤ ባለሙያዋን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን ታሳየኝ ነበር። በዚህ ገጠመኝ ላይ ተመሥርቼ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፦ «ጥናት የለም» የሚለው አባባል እንደ ማንኛውም የምርምር ግኝት ማስረጃ ሊቀርብበት ይገባል፤ ማስረጃውም ከጤና ሳይንስ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጋር መዘጋጀት አለበት።

የፍለጋ ጉድለት የሚያስከፍለው ዋጋ

የጽሑፍ ፍለጋ የወረቀት ሥርዓት ነው፣ ከታካሚ ደኅንነት ጋር አይገናኝም የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የደረሰውን ማስታወስ ይጠቅማል። በአስም ላይ ያተኮረ አንድ ጥናት ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ሄክሳሜቶኒየም የተባለውን ኬሚካል በትንፋሽ እንዲወስዱ ያደርግ ነበር። ከተሳታፊዎቹ አንዷ፣ የ24 ዓመት ወጣት፣ ሳንባዋ ተጎድቶ ሕይወቷ አለፈ። አጥኚው የኬሚካሉን ደኅንነት ለማረጋገጥ ፐብሜድን ጨምሮ የተለመዱ ምንጮችን ተመልክቶ ነበር። ነገር ግን ቋቱ በዚያን ጊዜ በዋናነት የያዘው ከ1966 ወዲህ የወጡ ጽሑፎችን ሲሆን፣ መድኃኒቱ ለደም ግፊት በሚሰጥበት በ1950ዎቹ በሳንባ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የዘገቡ ጽሑፎች ከዚያ ወሰን ውጭ ነበሩ። የአሜሪካ መንግሥት ተቆጣጣሪ አካል በዩኒቨርሲቲው በፌዴራል ገንዘብ የሚካሄዱና ሰዎችን የሚያሳትፉ ጥናቶችን ለአጭር ጊዜ አገደ። በምርመራው ሌሎች ጉድለቶችም ታይተዋል፤ ሆኖም ከጉዳዩ በኋላ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች በጥናት ዝግጅት ውስጥ ስለሚኖራቸው ድርሻ ሰፊ ውይይት ተነሥቷል።

ከዚህም በላይ ጉዳዩ የሥነ ምግባር ግዴታ ነው። የዓለም የሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1964 ያጸደቀው የሄልሲንኪ መግለጫ፣ ሰዎችን የሚያሳትፍ የሕክምና ምርምር በሳይንሳዊ ጽሑፎች ጥልቅ ዕውቀት ላይ እንዲመሠረት ያስገድዳል። የሥነ ምግባር ኮሚቴዎቻችን የስምምነት ቅጹን ቋንቋና ፊርማ በጥንቃቄ ይመረምራሉ፤ አጥኚው ከዚህ በፊት ምን እንደ ተሠራ በምን መንገድ እንዳጣራ ግን ብዙ ጊዜ አይጠይቁም።

በመጠይቅ ብቻ በሚሠሩ እንደ እኛ ባሉ ጥናቶች ሕይወት አይጠፋ ይሆናል። የሚጠፋው የታካሚ ጊዜና እምነት፣ ከዚያም ለምርምር የተመደበ ውስን ገንዘብ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ጥናትን መድገም በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ሳይንስ የሚጸናውም በመደጋገም ነው። የቀደመውን ጥናት አውቄ ቢሆን ኖሮ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ምን ተለወጠ? የሚለውን ጥያቄ አንሥቼ ከሁለቱ ውጤቶች የበለጠ ነገር መናገር እችል ነበር። ሳያውቁ መድገም ግን ማረጋገጫም አይሆንም፤ አዲስ ግኝትም አይሆንም።

የመረጃ ቋቶቹ የያዙትና ያልያዙት

ብዙዎቻችን ፐብሜድን፣ ሜድላይንን እና ፐብሜድ ሴንትራልን እንደ አንድ ነገር እንቆጥራለን። ሦስቱም በአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚተዳደሩ ቢሆኑም ተግባራቸው የተለያየ ነው። ፐብሜድ ከ35 ሚሊዮን በላይ የጽሑፍ መግለጫዎችን የያዘ የፍለጋ በር ነው፤ ሙሉ ጽሑፍ አያከማችም። ሜድላይን ከፐብሜድ ውስጥ ትልቁ ክፍል ሲሆን፣ ተገምግመው የተመረጡ ጆርናሎችን የያዘና ጽሑፎቹም ሜሽ በሚባለው ወጥ የርዕሰ ጉዳይ መዝገበ ቃላት የተመደቡበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የተከፈተው ፐብሜድ ሴንትራል ደግሞ ሙሉ ጽሑፎችን በነፃ የሚያቀርብ ማከማቻ ነው።

ይህ ልዩነት በተግባር ሲታይ ቀላል አይደለም። በፐብሜድ ላይ «በሰዎች ላይ የተደረገ» ወይም «የዕድሜ ክልል» የሚሉትን ማጣሪያዎች የሚጫን ተማሪ፣ ማጣሪያዎቹ በሜሽ ምደባ ላይ የተመሠረቱ በመሆናቸው ገና ያልተመደቡትን አዳዲስ ጽሑፎችና ከሜድላይን ውጭ ያሉትን ሁሉ ሳያውቅ ይጥላል። የእኔ ርዕስ ሌላ ምሳሌ ይሰጣል። መድኃኒትን በአግባቡ መውሰድን የሚመለከተው «ሜዲኬሽን አድሂረንስ» የተባለው ቃል በሜሽ ውስጥ የገባው በ2009 ነው። ከዚያ በፊት የወጡ ጽሑፎች በአብዛኛው «ፔሸንት ኮምፕላያንስ» በሚለው ሥር ተመድበዋል። አዲሱን ቃል ብቻ የጠየቀ ሰው የቀደሙትን ዓመታት ሥራ በከፊል አያየውም።

ከአገራችን ሁኔታ የሚመነጩ ችግሮችም አሉ፤ እነዚህን የትኛውም የውጭ አገር መመሪያ አይነግረንም። አንደኛው የቦታ ስም ነው። ስለ አዳማ የሚፈልግ ሰው «ናዝሬት» ብሎም መፈለግ ይኖርበታል፤ ስለ ቢሾፍቱ የሚፈልግ «ደብረ ዘይት»ን፣ ስለ ሐዋሳ የሚፈልግ «አዋሳ»ን መጨመር አለበት። ስሙ ያልተለወጠ ከተማም ቢሆን በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ በአንድ፣ ሌላው በሁለት ተነባቢ ይጽፈዋል፤ አንዱ ሁለቱን ቃላት ይገጥማል፣ ሌላው ይለያያል። ሁለተኛው የሰው ስም ነው። የመረጃ ቋቶች የቤተሰብ ስም አለ ብለው ስለሚያስቡ የአባታችንን ስም አስቀድመው የእኛን በአንድ ፊደል ያሳጥሩታል። «ገብረ»፣ «ወልደ» ወይም «ኃይለ» ብለው የሚጀምሩ ስሞች አንዴ ተገጥመው፣ አንዴ ተለያይተው ይመዘገባሉ። በዚህ ምክንያት የአንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ሥራዎች እንደ ሁለትና ሦስት ሰዎች ሥራ ተበትነው ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በነፃ የሚሰጠው ኦርኪድ የተባለ መለያ ቁጥር ለዚህ መፍትሔ ሆኖ ሳለ፣ ከክፍል ጓደኞቼ መካከል ቁጥሩን ያወጡት ጥቂቶች ናቸው።

ሦስተኛው፣ ስለ አገራችን ታካሚ የሚናገረው ጽሑፍ የሚገኝበት ቦታ ነው። የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናልን ሲያሳትም ቆይቷል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀው የኢትዮጵያ ጤና ሳይንስ ጆርናል ጽሑፎች በፐብሜድ ሴንትራል ይነበባሉ። ሌሎች የአገር ውስጥ ጆርናሎችን ግን በፐብሜድ ብቻ መፈለግ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን በአህጉራችን የሚታተሙ ጆርናሎችን በአንድ ቦታ ለማሰስ ያስችላል። ከዚያ ቀጥሎ የየዩኒቨርሲቲው ዲጂታል ማከማቻ ይመጣል፤ የመጨረሻው ግን የማይታለፈው የቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ነው። ይህን ሁሉ ያላሰሰ ሰው «ጥናት አላገኘሁም» ማለት ይችላል፤ «ጥናት የለም» ማለት ግን አይችልም።

የምናሳትምበት ቦታ የሌላው ሰው ፍለጋ ነው

ፍለጋና ኅትመት የአንድ ሥራ ሁለት ፊት ናቸው። ዛሬ እኔ የማሳትምበት ቦታ ነገ ሌላ ተማሪ የሚያገኘውን ወይም የሚያጣውን ይወስናል። ያ የስድስት ዓመት ጽሑፍ ከመደርደሪያ ወርዶ ቢሆን ኖሮ የእኔ ጥናት ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

በዚህ ረገድ ፖሊሲ አልጠፋም። በ2019 እ.ኤ.አ. የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር፣ በሕዝብ ገንዘብ በዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩ የምርምር ጽሑፎች፣ የመመረቂያ ሥራዎችና መረጃዎች በክፍት ተደራሽነት እንዲቀመጡ የሚያዝ አገር አቀፍ ፖሊሲ አጽድቋል። የጎደለው አፈጻጸሙ ነው። ብዙ ተማሪ ጽሑፉን ወደ ማከማቻ ላለማስገባት የሚያቀርበው ምክንያት «ጆርናል እንደ ታተመ ቆጥሮ ይመልስብኛል» የሚል ነው። ስጋቱ ከንቱ ባይሆንም የተጋነነ ነው፤ አብዛኞቹ ታላላቅ አሳታሚዎች የመመረቂያ ጽሑፍን እንደ ቀዳሚ ኅትመት አይቆጥሩም። የሚጠራጠር ሰው ካለም ርዕሱና አጠቃሎው ወዲያው እንዲታይ፣ ሙሉ ጽሑፉ ግን ለተወሰነ ጊዜ እንዲቆይ ማድረግ ይቻላል። ለቀጣዩ ፈላጊ ጥናቱ መኖሩን ማወቅ እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

በሌላ በኩል የመመረቂያው ጊዜ ሲቃረብ በኢሜይላችን የሚጎርፉ የ«ጽሑፍዎን ይላኩልን» ግብዣዎች አሉ። በሳምንት ውስጥ ገምግመን እናሳትማለን ይላሉ፤ መለያ ቁጥርና የተጽዕኖ መጠን ይጠቅሳሉ፤ «በፐብሜድ እንገኛለን» ይላሉ። የጆርናል መለያ ቁጥር መኖር የጥራት ምስክር አይደለም። በገንዘብ ሰጪዎች ግዴታ አንዳንድ ጽሑፎች ብቻቸውን ወደ ፐብሜድ ሴንትራል ስለሚገቡ፣ ከአንድ ጆርናል ጥቂት ጽሑፎች በፐብሜድ መታየታቸውም ጆርናሉ ተገምግሞ ተመርጧል ማለት አይደለም። እንዲህ ባለ ቦታ የሚወጣ ጽሑፍ ድረ ገጹ በተዘጋ ቀን አብሮ ሊጠፋ ይችላል፤ በሌላ ጆርናል እንደገና ማሳተምም አስቸጋሪ ይሆናል። ጉዳቱ የከፈልነው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ታካሚዎች የሰጡን መልስም ማንም ሳያገኘው ይቀራል።

ወደነዚህ ቦታዎች የሚገፋን አንዱ ምክንያት የታወቁ ክፍት ጆርናሎች የሚጠይቁት ክፍያ ነው። ሆኖም ኢትዮጵያ በሪሰርች ፎር ላይፍ ምደባ «ቡድን ሀ» ከሚባሉት አገሮች መካከል በመሆኗ፣ ብዙ ዓለም አቀፍ አሳታሚዎች ለእኛ አገር ጸሐፊዎች የኅትመት ክፍያን ሙሉ በሙሉ ያነሣሉ። ጥያቄው ብዙውን ጊዜ መቅረብ ያለበት ጽሑፉ በሚላክበት ወቅት ነው፤ ከተቀበሉት በኋላ ሲሆን ሊዘገይ ይችላል። ጆርናሉ እውነተኛ መሆኑን ለማጣራትም እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የክፍት ጆርናሎች ማውጫ ይረዳል። እነዚህን ነገሮች የነገረችኝ የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ናት፤ ከዚያ በፊት ከየትም አልሰማሁም ነበር።

ያልተነበበው ማስታወቂያ

እውነቱን ለመናገር ቤተ መጻሕፍቱ ዝም አላለም ነበር። በየጊዜው ምን አዲስ የመረጃ ቋት እንደ ተከፈተ፣ የሂናሪ መግቢያ እንዴት እንደሚገኝ፣ ሥልጠናው መቼ እንደሚሰጥ የሚገልጽ ማስታወቂያ በሰሌዳው ላይ ይለጥፋል፤ በኢሜይልም ይልካል። የዓለም ጤና ድርጅት ከስድስት ታላላቅ አሳታሚዎች ጋር ሆኖ በጃንዋሪ 2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሂናሪ፣ በክፍያ ብቻ የሚገኙ ጆርናሎችን ለእኛ ዓይነት ተቋማት በነፃ ይከፍታል። ይለፍ ቃሉ ያለው በተቋሙ ቤተ መጻሕፍት እጅ ነው። እኔ በዚያ ሰሌዳ ፊት ለሁለት ዓመት ተመላልሼአለሁ፤ የክፍያ ገጽ ሲያጋጥመኝ ግን አጠቃሎውን ብቻ አንብቤ ሙሉ ጽሑፉን እንዳነበብሁ አድርጌ ጠቅሻለሁ። ይህን የምጽፈው ልማዱ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ ነው።

ስለዚህ ማስታወቂያ መለጠፍ ብቻውን አይበቃም፤ ቤተ መጻሕፍቱ በጥናቱ ሂደት ውስጥ መግባት አለበት። ለዚህም ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ፕሮፖዛል አንድ ገጽ የፍለጋ መዝገብ ይያያዝበት፤ መዝገቡ የትኞቹ ቋቶችና ማከማቻዎች በምን ቀን፣ በምን ቃላት፣ በየትኛው ማጣሪያ እንደ ታሰሱና ስንት ውጤት እንደ ተገኘ ያሳይ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ፕሪዝማ ኤስ የተባለው ባለ 16 ነጥብ መመሪያ ለስልታዊ ክለሳ የተዘጋጀ ቢሆንም፣ ለዚህ ገጽ ጥሩ አብነት ይሆናል። ሁለተኛ፣ መዝገቡን የጤና ሳይንስ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አይቶ ይፈርምበት፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴውም ያለዚያ ፊርማ ፕሮፖዛሉን አይቀበል። ሦስተኛ፣ ተማሪው የመጨረሻ ውጤቱ ከመጽደቁ በፊት የጽሑፉን ዲጂታል ቅጂ ወደ ማከማቻው ያስገባ።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላል ናቸው ብዬም አላልፋቸውም። የመጀመሪያው የባለሙያ እጥረት ነው። በብዙ ካምፓሶች የጤና መረጃን የሚያውቁ ባለሙያዎች ጥቂት ናቸው፤ በፕሮፖዛል ወቅት አንድ ሰው መቶ መዝገብ መርምሮ ሊጨርስ አይችልም። ይሁን እንጂ መዝገቡ አንድ ገጽ ነው፤ ሥራውም ፍለጋውን መድገም ሳይሆን የጎደለውን መጠቆም ነው። እጥረቱ ራሱ የሚታየውና በጀት የሚጠየቅበት ሥራው በግልጽ ሲመዘገብ ነው። ሁለተኛው «የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የሕክምና ባለሙያ ስላልሆነ የጥናቴን ይዘት አይረዳም» የሚለው ነው። የይዘቱ ኃላፊነት የአማካሪውና የተማሪው ሆኖ ይቀጥላል፤ ባለሙያው የሚረዳው ቋቱ እንዴት እንደ ተደራጀ ነው፤ እኛ የማናውቀውም ይህንኑ ነው። የስታቲስቲክስ ባለሙያን ስናማክር ስኳር በሽታን እንዲያክም አንጠብቅም። ሦስተኛው ሌላ ፊርማ፣ ሌላ ወረፋ፣ ሌላ ቢሮክራሲ ነው የሚለው ነው። ይህ ስጋት ተገቢ ነው፤ ፊርማው ያለ ምክክር የሚሰጥ ከሆነ ከዚያ ዓረፍተ ነገር የተሻለ ዋጋ አይኖረውም። ስለዚህ ባለሙያው ከተማሪው ጋር ለግማሽ ሰዓት ያህል በኮምፒውተር ፊት ሊቀመጥ ይገባል። ያ ግማሽ ሰዓት ለእኔ ወራትን ያተርፍልኝ ነበር።

ማጠቃለያ

ጥናቴን ጨርሻለሁ። ከዚያ መደርደሪያ ያገኘሁትን ጽሑፍ በክለሳዬ ውስጥ ጠቅሼ፣ ሁለቱን ውጤቶች በተቻለኝ መጠን አነጻጽሬ፣ በፕሮፖዛሌ የነበረውን ዓረፍተ ነገር ሰርዣለሁ። በምትኩ የጻፍሁት «በእነዚህ ቋቶች፣ በእነዚህ ቃላት፣ እስከዚህ ቀን ድረስ ባደረግሁት ፍለጋ በዚሁ ሆስፒታል የተሠራ አንድ ያልታተመ ጥናት አግኝቻለሁ» የሚል ነው። ዓረፍተ ነገሩ እንደ ቀድሞው አይማርክም፤ ነገር ግን እውነት ነው። የጽሑፌም ዲጂታል ቅጂ በማከማቻው ውስጥ ተቀምጧል።

አሁን ፕሮፖዛል በማዘጋጀት ላይ ያላችሁ ባልደረቦቼ ያንን ዓረፍተ ነገር ከመጻፋችሁ በፊት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ጎራ በሉ። አማካሪዎችና የኮሚቴ አባላትም ዓረፍተ ነገሩ ሲቀርብላችሁ «በምን አረጋገጥህ? በምን አረጋገጥሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ወረፋ ላይ ሆነው ለሁለተኛ ጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ የመለሱት እናት ይህን ያህል ጥንቃቄ ይገባቸው ነበር።